የታመመው ኮምፒውተር ጠያቂዎች

በዚያ ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ክፍሏ ውስጥ የነበርነው እነዚህ ነን። አንደኛ የኔታ ላቀው፣ የቅኔ መምህር፣ ዓይናቸው ማየት ካቆመ አሥራ አንድ ዓመት የሆነው፤ ከበሩ በስተ ቀኝ ባለችው መደገፊያ ባላት ወንበር ላይ። ሁለተኛ የእኅታቸው ልጅ ስጦታው፣ ከሲማዳ የመጣ ገበሬ፤ ወንበር ቢሰጠውም ዱላውን ተደግፎ መቆም የመረጠ። ሦስተኛ መምህር ደሳለኝ፣ የሁለተኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ አስተማሪ፤ ፈተና ሊያስጽፍ የመጣ። አራተኛ እትዬ የሺ፣ ከጎናችን ባለችው ሱቅ ጨውና ሳሙና የሚሸጡ፤ ለምን እንደመጡ እስካሁን ያልታወቀ፣ ሁልጊዜም ግን የሚመጡ። አምስተኛ እኔ። ስድስተኛ ኮምፒውተሩ። ከሰው ጋር መቁጠሬ ስሕተት እንዳይመስላችሁ፤ በዚያ ቀን ከስድስታችን መካከል «እንዴት ነህ?» የተባለ እሱ ብቻ ነበር።

በኋላ የመጡት በዚህ ቁጥር አይገቡም። እኔ ሃያ ሦስት ቆጥሬያለሁ። እትዬ የሺ አርባ ናቸው ይላሉ፤ እሳቸው ግን የገባውንም የወጣውንም ነው የሚቆጥሩት።

ክፍሏ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ወደ ገበያው ሲኬድ በስተ ግራ ናት። በሯ ላይ «የኮምፒውተር ጽሕፈት» የሚል ሰሌዳ ነበራት። ጸሐፊው እኔ ነኝ። ኮምፒውተር ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ያስተማረኝ አንድ ፎቶ ኮፒ መጽሐፍ ነው። ፎቶ ኮፒ ያደረገው ሰው ከገጽ አንድ እስከ ሠላሳ አራት ያለውን ዘሎታል። ገጽ ሠላሳ አምስት የሚጀምረው «አሁን ኮምፒውተርዎ ከተነሣ በኋላ» ብሎ ነው። ስለዚህ ኮምፒውተር ከተነሣ በኋላ ስላለው ነገር የሚጠይቀኝ ቢኖር አላፍርም። እስኪነሣ ድረስ ስለሚሆነው ግን እንደ ማንኛውም የእስቴ ሰው ነኝ፤ እጸልያለሁ።

መብራት በእኛ ከተማ ሳይሰናበት ይሄዳል። ኮምፒውተሩ ሥራ ላይ ሳለ መብራት ከሄደበት በሚቀጥለው ጊዜ ሲነሣ ያኮርፋል። ጥቁር ገጽ ላይ ነጭ እንግሊዝኛ ይደረድራል። ከዲስኮችዎ አንዱ መመርመር አለበት ይላል፤ ምርመራውን መተው ይችላሉ፣ እንዲቀጥሉ ግን አጥብቀን እንመክራለን ይላል፤ ለመተው ማንኛውንም ቁልፍ ይጫኑ ይላል። ከዚያ አሥር፣ ዘጠኝ፣ ስምንት እያለ ወደ ታች ይቆጥራል። ወደ ታች የሚቆጥር ነገር አልወድም።

አሁን እንደማውቀው ይህ ሁሉ ምንም አይደለም። ማታ ከብቶቹን በረት ሲያስገባ አንድ፣ ሁለት እያለ የሚቆጥር ገበሬ አይታችሁ የለ? ላም ጠፍታበት አይደለም፤ መቁጠር ስላለበት ነው። ኮምፒውተሩም ድንገት ስለጠፋ ንብረቱን ልቁጠር ማለቱ ነው። ያን ጊዜ ግን ይህን የነገረኝ ስላልነበረ፣ ሰባት ወር ሙሉ ጠዋት ጠዋት ከሰው ሁሉ ቀድሜ እገባለሁ፣ በሩን ገርበብ አደርጋለሁ፣ ጽሑፉ ብቅ ሲል ረጅሙን ቁልፍ እጫንና አሳልፈዋለሁ። «ማንኛውንም ቁልፍ» ማለቱን አንብቤያለሁ። ሆኖም ከረጅሙ በቀር ነክቼ አላውቅም። በአንዱ በር በሰላም የገባ ሰው ሌላውን ለምን ያንኳኳል?

የዚያ ቀን ነገር ግን ሌላ ነው። የኔታ ላቀው ከመምህራቸው በቃል የተቀበሉትን የግእዝ አገባብ፣ በየመካከሉም የጉባኤ ቤቱን ጨዋታ፣ ሦስት ወር ሙሉ እየነገሩኝ ጽፌያለሁ። መምህራቸው ሊሞቱ ሲሉ «ይህ ነገር አንተ ላይ እንዳያልቅ» ብለዋቸው ኖሯል። ዛሬ እጽፈዋለሁ፣ ነገ እጽፈዋለሁ ሲሉ ዓይናቸው ቀደማቸው። እኔ ዘንድ የመጡት ለዚህ ነው። ጽሑፉ ሠላሳ አንድ ገጽ ሆኖ አለቀ፤ የቀረው ማተም ብቻ ነው። የማተሚያው ቀለም ከባሕር ዳር የደረሰው ደግሞ ገና ትናንት ነው። የኔታ በስምንት ሰዓት በሚነሣው አይሱዙ ከስጦታው ጋር ወደ ሲማዳ፣ ወገዳ ሊሄዱ ነው፤ ከእኅታቸው ቤት ሊኖሩ፣ ላይመለሱ።

ቅጂ አልነበረህም ወይ? ትሉኛላችሁ። ሁለት ፍሎፒ ነበረኝ። አንዱ እስከ ገጽ አሥራ ሁለት ያነባል፤ ሁለተኛው ጭራሽ አይከፈትም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኔ ጠርጥሬም ተመንጥሬያለሁ።

እንግዲህ በሦስት ሰዓት ስደርስ አራቱም በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ቀድሞ መግባት የለ፣ በር ማገርበብ የለ። አበራሁት። ጥቁሩ መጣ። ጣቴን ወደ ረጅሙ ቁልፍ ስሰድ፣

«ቆይ!» አለ መምህር ደሳለኝ ከኋላዬ።

«ምንድን ነው?» አሉ የኔታ።

«ምንም አይደል የኔታ» አልሁ።

«እንዴት ምንም አይደል ይባላል? ተጽፎ!» አለና መነጽሩን አወጣ። መምህር ደሳለኝ እንግሊዝኛ ሲያስተምር ብዙ ዓመቱ ነው። ከመማሪያ መጽሐፍ ውጭ የሚተረጎም እንግሊዝኛ ከነሰሚው ያገኘው ግን ያን ቀን ሳይሆን አይቀርም። ድምፁን ጠረገ። «ከዲስኮችዎ አንዱ መመርመር አለበት። እንዲቀጥሉ አጥብቀን እንመክራለን። ሰማችሁ? ስትሮንግሊ ነው የሚለው! ፈረንጅ በባዶ ሜዳ ስትሮንግሊ አይልም።»

«የሚመክርህ ካለማ ስማ እንጂ ልጄ» አሉ የኔታ። «እጅህን አንሣ።»

የኔታ አንሣ ያሉት እጅ አይወርድም። ቆጠራው ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ አለና ምርመራው ተጀመረ። ሰባት ወር የሸሸሁት ነገር ፊቴ ላይ ተቀመጠ። የፈሩት ይደርሳል ማለት ይህ ነው።

መምህር ደሳለኝ ቀጠለ። «ዲስኩ ቆሻሻ ነው ይላል።»

እትዬ የሺ ብድግ ብለው ወጡ። ሲመለሱ እርጥብ ጨርቅና አንድ ባልዲ ውኃ ይዘዋል። እጄን ዘርግቼ ኮምፒውተሩ ፊት ቆምሁ፤ በሕይወቴ ለማንም እንደዚያ ቆሜ አላውቅም።

«ታዲያ ቆሻሻ እያለህ?» አሉኝ ተቆጥተው።

«እንዲህ ያለው ቆሻሻ በውኃ አይለቅም፣ እትዬ።»

«እንደ ኃጢአት ነው በላ» አሉና ባልዲውን በር ላይ አስቀምጠው ወደ ሱቃቸው ሄዱ። ሥራ የጀመሩት ያን ጊዜ ነው። ሳሙና ለገዛው ሁሉ «ያ ኮምፒውተር እኮ ታመመ» እያሉ ሸጡ።

በመቶኛ ይቆጥራል። ሰዓቴን ይዤ ነበር፤ በአሥራ ሁለት ደቂቃ ዘጠኝ ደረሰ። አሥር ላይ ሳለ አንዲት ሴት ነጠላዋን አጣፍታ ገባች።

«እንደምን አደራችሁ? እንዴት ነው፣ ቀለል አለው?»

በእኛ አገር የታመመ ሲጠየቅ ሥርዐት አለው። ትገባለህ፣ ትቀመጣለህ። ጥቂት ዝም ትላለህ። ከመቼ ወዲህ ነው የጀመረው? ትላለህ። ከዚያ በዚሁ በሽታ የሞተ የምታውቀውን ሰው ታነሣለህ። ቤተ ሰቡ ሲደነግጥ «እሱስ ዕድሜውም ደርሶ ነበር» ትልና «ይማርልን» ብለህ ትነሣለህ። ሴትዮዋ አንዷንም ሳታጓድል አደረገችው። ቀጥሎ የገባው ሰውዬም እንዲሁ።

«ከመቼ ወዲህ ነው?»

«ከሦስት ሰዓት» አለ መምህር ደሳለኝ፣ የሐኪም ያህል ኮስተር ብሎ።

«አንድ መሥሪያ ቤት የነበረው እንዲሁ ቁጥር ጀምሮት በዚያው ቀረ።» ደነገጥን። «እሱስ አሮጌ ነበር» አለና ኮምፒውተሩን አየው። «ይሄስ ልጅ ነው?»

«አራት ዓመቱ ነው» አልሁ፤ ለምን እንደመለስሁለት አላውቅም።

ግማሹ ጠያቂ ጉዳይ ያለው ነው። ማመልከቻ ያስጻፈ፣ ውል ያስጻፈ፣ ሁሉም ጽሑፉ ሳይሞት ሊሰናበተው መጣ። አንድ ሽማግሌ የልጃቸው የሠርግ ጥሪ ውስጡ መኖሩን በሹክሹክታ ነገሩኝ።

«ሠርጉ አልፎ የለም ወይ፣ አባባ?»

«አልፏል። ልጅም ወልደዋል። ቢሆንም።»

አርባ ሰባት ላይ ቆመ። ሠላሳ አንድ ደቂቃ አልተነቃነቀም። ወንበር አልቆ ሰው በወረቀት ካርቶን ላይ ተቀምጧል። ስጦታው ዱላውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወረ።

«አጎቴ፣ እኔ አውድማ ላይ ገብስ ከምሬ ነው የመጣሁ። ዝናብ ቢጥልስ?»

«በታኅሣሥ ምን ዝናብ አለ?» አሉ የኔታ።

«ኮምፒውተርስ በታኅሣሥ ታሞ የለ?» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ሆዱን የነፋው በሬ ቢሆን ወጣ አድርጌ አንሸራሽረው ነበር። ይሄ ምኑ ይያዛል?»

የኔታ ሳቁ። እኔ ግን እጃቸውን አየሁ። አውራ ጣታቸው የጭራቸውን እጀታ እያሻሸ ነው፣ ሳያቋርጥ። አርባ ሰባት አርባ ስምንት ሲሆን ክፍሏ በሙሉ «እሰይ!» አለች። ከዚያ በኋላ መንገዱን አገኘውና ሽቅብ ሸመጠጠ፤ ስድሳ፣ ሰባ፣ ሰማንያ። ሰው ጮክ ብሎ አብሮ መቁጠር ጀመረ። ዘጠና አንድ፣ ዘጠና ሁለት፣ ዘጠና ሦስት፣

መብራት ሄደ።

ከኋላ አንድ ሰው በቀስታ «ዐረፈ» አለ። አንዲት ሴትዮ እጇን ከደረቷ ልታደርስ ስትል ከሱቃቸው የተመለሱት እትዬ የሺ ቀድመው ያዟት። «ገና ነው፣ አይጮህም» አሏት።

በእውነት የፈራሁት ያን ጊዜ ነው። መምህራቸው ትተውት ያለፉት ቃል፣ ሦስት ወር የደከሙበት፣ ሁሉም በዚያች የጨለመች ሳጥን ውስጥ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ከሦስት ሰዓት በኋላ የሉም። ይቅርታ ልላቸው ስል ቀደሙኝ።

«ስንት ሰዓት ነው?» አሉ።

«አምስት ከአምስት።»

«መብራቱ እስኪመጣ የምትሠራው አለህ?»

«የለኝም፣ የኔታ።»

«እንግዲያው ከመጀመሪያው በልልኝ።»

«ከምኑ ላንብብ? ጠፍቷል እኮ።»

«አንብብ አልሁህ? በል አልሁህ እንጂ።»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የኔታ ያስጻፉኝ በጉባኤ ቤት ልማድ ነው። አዲሱን ከመንገራቸው በፊት የትናንቱን አንብብ ይላሉ። የትናንቱ ሲያልቅ የትናንት ወዲያው ያምራቸዋል። ዓርብ ዓርብ ደግሞ ከሀ ጀምሮ። በልቤ «እኚህ ሰው ጊዜዬን በሉት» እል ነበር፤ ማለቴ አሁን ተጽፏልና ይቅር ይበሉኝ። ለካ እሳቸው የሚያስጽፉት በሁለት ቦታ ኖሯል።

ጀመርሁ። የመጀመሪያዋ ዐረፍተ ነገር ወጣች፤ ሁለተኛዋን ይዛ መጣች። ፈርቼ ዓይኔን ጨፈንሁ። አፌ እኔን ሳይጠብቅ ሄደ። ሰውም ዝም ብሎ ሰማኝ፤ በሽተኛ ሊጠይቅ የመጣ ሰው ያገኘውን ይሰማል። አገባቡ ላይ አንዳንዱ አንቀላፋ፤ ጨዋታው ላይ ሲደርስ ይነቃል። በተለይ የቆሎው ጨዋታ ላይ ክፍሏ በሳቅ ተናወጠች። የኔታ ተማሪ ሳሉ የመምህራቸውን ቆሎ ከአቁማዳ ሰርቀው በጉንጫቸው ሞልተው ሳለ መምህሩ ይደርሳሉ። ሌባውን ለመለየት ተማሪውን አሰልፈው እያንዳንዱን አንድ ቤት ቅኔ በል ይላሉ። ላቀው ተራው ሲደርስ አፉን ሳይከፍት በአፍንጫው ቅኔ አለ። መምህሩም ራሱን ዳብሰው «ይህ ልጅ ጉንፋን ይዞታል፣ ተዉት» አሉ።

ለካ በዚህ መሀል መብራት መጥቷል። መምህር ደሳለኝ አብርቶታል፤ ቆጠራው እንደገና ከአንድ ጀምሯል። ከእሱ በቀር ያየው የለም። ጠዋቱን ሁሉ የተከበረው በሽተኛ ጥግ ላይ ብቻውን ሲቆጥር ቆየ። እኔ የመጨረሻውን ቃል ብዬ ዓይኔን ስገልጥ፣ ኮምፒውተሩ ምርመራውን ጨርሶ፣ የለመደ ሥዕሉን ዘርግቶ፣ ምንም እንዳልሆነ ሰው ተቀምጧል።

«ምን አለ በመጨረሻ?» አልሁ።

መምህር ደሳለኝ ቅር ያለው ይመስላል። «ተመርምሯል፣ ምንም ችግር አልተገኘም አለ። ይኸው ነው። ለዚህ ነው ስትሮንግሊ ያለው?»

እልልታው የሠርግ ነበር። ፋይሉን ከፈትሁ፤ ሠላሳ አንዱም ገጽ አለ። ማተም ጀመርሁ። የኔታ፣ «ማሽኑ ደግሞ ያለውን እንስማው» አሉና መምህር ደሳለኝ ከሥር ከሥር እየተቀበለ ጮክ ብሎ ያነብ ጀመር። ገጽ አሥራ ዘጠኝን ጨርሶ ሃያን ሲያነሣ፣

«ቆሎው የት ሄደ?» አሉ እትዬ የሺ።

«የቱ ቆሎ?»

«ሌባው ነዋ! በአፍንጫው ያለው። እዚህ ጋ ነበር የሳቅነው።»

ፈለግሁት። የለም። አስታወስሁ። የኔታ ያን የነገሩኝ ቀን እየጻፍሁ መብራት ሄደብኝ፤ በማግስቱ ድገመው ሲሉኝ በቃሌ አልሁት፤ በቃሌ ስላልሁት ግን የጻፍሁት መሰለኝ። ከዚያ በኋላ ዓርብ ዓርብ ሳነብ ዓይኔ ገጹ ላይ ነው እንጂ የማነበው ከልቤ ኖሯል። ጉድጓዱን አንድም ቀን ሳላየው ተሻግሬዋለሁ። በጥንቃቄዬ የምታወቅ ሰው ነኝ፤ ያሳፈሩኝ ፊደል ያልቆጠሩት እትዬ የሺ ናቸው።

ውጭ የአይሱዙው ጡሩምባ ጮኸ። ስጦታው ጓዙን አነሣ።

«ይቅር እንዴ የኔታ?» አልሁ። «ካልፈለጉት ማንም አያውቅም።»

የኔታ ወደ እኔ ዞሩ። «ማሽኑ ምን አልተገኘበትም አላችሁ?»

«ችግር።»

«እኔም ያን ቀን ተመርምሬ አልተገኘብኝም» አሉ። «መምህሬ ጉንፋን ነው ብለው አለፉኝ። እስኪሞቱ አልነገርኋቸውም። ጻፈው ልጄ፤ እሳቸው እንደሚያነቡት አድርገህ ጻፈው።»

በኮምፒውተር ልጽፍ ስል መብራቱ አንድ ጊዜ ብልጭ አለ። ተውሁት። ገጽ አሥራ ዘጠኝን ገልብጬ በጀርባው ላይ በስክሪፕቶ ጻፍሁት፤ አሥራ አራት መስመር ሆነ። አይሱዙው ሦስት ጊዜ ጮኸ፤ ስጦታው ሄዶ መንኰራኩሩ ፊት ቆመ። ጽፌ ስጨርስ አነበብሁላቸው። ሠላሳ አንዱን ወረቀት በነጠላቸው ጠቅልለው ከደረታቸው አስገቡት።

ጋቢና ውስጥ አስቀመጥናቸው። ሞተሩ ተነሣ። መኪናው ሲንቀሳቀስ የኔታ በመስኮቱ ራሳቸውን አወጡና ወደ እኔ አንድ ነገር ተናገሩ። ጡሩምባው ዋጠው። አፋቸውን እንጂ ድምፃቸውን አላገኘሁም።

ይህን ሁሉ በሰዓትና በቁጥር ስጽፍ የጎደለኝ ያ አንድ ቃል ነው። መምህር ደሳለኝን ብጠይቀው «ሌላ ፍሎፒ ግዛ ነው ያሉህ» ይላል። እትዬ የሺ ደግሞ «የሺን አክብራት ነው ያሉህ» ብለው ይምላሉ። ስጦታው በዚያ ጊዜ ከላይ፣ ጭነቱ ላይ ነበር። ስለዚህ በዚያ ቀን ኮምፒውተሬን ልትጠይቁ መጥታችሁ በመኪናው ቀኝ በኩል፣ በጋቢናው መስኮት አጠገብ ቆማችሁ የነበራችሁ ሰዎች፣ የሰማችሁትን ጨምሩልኝ። መብራት የሄደው ዘጠና ሦስት ላይ አይደለም፣ ዘጠና አራት ላይ ነው የምትሉም ብትኖሩ ተናገሩ፤ አርማለሁ። የኔታን ቃል ግን እባካችሁ እርግጠኛ የሆነ ብቻ ይንገረኝ። ቦታውን ባዶ ትቼለታለሁ።